በአሰብ ሙዚየም የጻፍኳቸው ወረቀቶች

በነዳጅ ማጣሪያው ላቦራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ሕግ ነበረን፤ ወረቀት ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ይደፋል። ውስጡ ምን እንዳለ ብታውቅም፣ በገዛ እጅህ ከታንከሩ የቀዳኸው ቢሆንም፣ ከየት እንደተቀዳ፣ ማን እንደቀዳው፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተቀዳ ካልተጻፈበት ወደ ማፍሰሻው ይሄዳል። አዲስ ገብ ሳለሁ ግማሽ ቀን የለፋሁባቸው አራት ጠርሙሶች ዓይኔ እያየ ተደፍተውብኛል። ሐረሬው አለቃዬ ሲደፋቸው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ያለውን የበርበሬ ጣሳ እንኳ ሳይቀር ወረቀት እለጥፍበት ጀመር። ጓደኞቼ «አንተ ሚስት ስታገባ ግንባሯ ላይ ነው የምትለጥፍባት» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይህን ልማዴን አስቀድሜ የምናገረው ሰው የጎዳሁበት እሱ ስለሆነ ነው። በክፋት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ንስሐ እገባበት ነበር። በጥንቃቄ ለሠሩት ሥራ ግን ምን ተብሎ ንስሐ እንደሚገባ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር ከተማችን አንድ አዲስ ነገር ማሳየት ነበረባት። አንዱን ዓመት ግድግዳ ሁሉ ቀለም ተቀባ፤ ሌላውን ዓመት የወደብ ሠራተኞች በፀሐይ ላባቸው እየተንጠባጠበ ተሰለፉ። በዚያ ዓመት ደግሞ ሙዚየም ይከፈት ተባለ። ከሙዚየሙ ጋር በስተሰሜን ከጥዖ፣ በስተደቡብ እስከ ራሔይታ፣ ወደ ውስጥም እስከ ደባይሲማ ድረስ ያሉ «ሊጎበኙ የሚገባቸው ስፍራዎች» ተመዝግበው እንዲቀርቡ ታዘዘ። ያኔ ከአሰብ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወደ አሰብ ለመግባትም እንደዚያው። ጎብኚ ለማይደርስበት አገር የሚጎበኝ ነገር ፈልጉ መባላችን ነው። ስብሰባው ላይ ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁም፤ መመረጤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። እኔ የተመረጥኩት እጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። ሁለተኛዋ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነበረች፤ ከጎንደር ተዛውራ የመጣች፣ ቀጭን፣ ነገር ሲያስቃት አፏን በእጇ የምትከድን። ወንድሟን በቀይ ሽብር አጥታዋለች፤ ስለ እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኝ ሁለተኛ አላነሳችውም። ሦስተኛው ሾፌራችን ነው። አባቱ የወሎ ነጋዴ፣ እናቱ አፋር ስለሆኑ በየደረስንበት ቋንቋችን እሱ ነበር።

የተሰጠን ቤት ጣሊያን ወደቡ አጠገብ የሠራው አሮጌ መጋዘን ነው። ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ጠጥቶ ማታ ይተፋዋል። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ማራገቢያ ሲዞር የጨው አቧራ ያዘንብብናል። ቢሆንም በሁለት ወር ውስጥ ቤቱን ሞላነው። ከጥዖ ሰው የሚያክል፣ በሁለት ጎኑ ጥርስ ያለው የመጋዝ ዓሣ አፍንጫ አመጣን። ከደባይሲማ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ፣ የሰጎን እንቁላል፣ ከግመል ቆዳ የተሠራ የውኃ እቃ አገኘን። ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ባለሱቅ ጣሊያኖች ትተውት የሄዱትን የልብስ ስፌት መኪና ሰጠን። ለእያንዳንዱ ዕቃ በሚያምረው ጽሕፈቴ ወረቀት አዘጋጀሁ፦ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታ፣ የሰጠው ሰው ሙሉ ስም፣ አገልግሎቱ። በወረቀቱ ላይ ያልበቃውን ደግሞ በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ በዝርዝር አሰፈርኩ። መምህርቷ «የሰጪው ስም ለምን ያስፈልጋል?» ብላ ነበር ገና በመጀመሪያው ሳምንት። ስለ ጠርሙሶቹ ነገርኳት። ድንጋዮቹን ወደ መጥረግ ተመለሰች።

ራሔይታ የሄድነው መጨረሻ ላይ ነው። ነፋሱ አሸዋውን በእግራችን ላይ እየነዳ፣ ባሕሩ ደግሞ ሙቀቱ ደብቆት፣ የሚያስጠላ ቀን ነበር። እዚያ አንድ ናኹዳ አለ ተብለን ነበር፤ ናኹዳ ማለት የጀልባ አዛዥ ነው። በአሮጌ ሸራ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ሽማግሌ ነው፤ አንድ ዓይኑ ደፍርሷል፣ የእጆቹ ቆዳ በገመድ ብዛት ጠንክሯል። ሾፌራችንና እሱ ተያይዘው ወሬ ጀመሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው «እህ፣ እህ» እያለ ይሰማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። እኛ ቆመን ላባችንን እንጠርጋለን።

«ምንድነው እንዲህ የሚያስረዝማችሁ?» አልኩት ሾፌሩን በመጨረሻ።

«ዳጉ ነዋ፣ ጋሼ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ጭምር ይነግረዋል። ቀንሰህ ወይ ጨምረህ ከነገርክ ሁለተኛ ወሬ የሚቀበልህ የለም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሕይወቱ በሱ ነው፤ ውኃው የት እንዳለ፣ ጠላት የት እንዳለ።»

በጣም ወደድኩት። የኛው ላቦራቶሪ ነው ብዬ ለመምህርቷ ነገርኳት፤ የት፣ ማን፣ መቼ፣ እንዴት። እሷ አልሳቀችም።

ናኹዳው ከእንጨት ሳጥን ውስጥ የነሐስ ኮምፓስ አወጣ። መስታወቱ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ መርፌዋ ግን ስትነኳት እየተንቀጠቀጠች ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ከሙዚየሙ ዕቃ ሁሉ የበለጠች መሆኗን እንዳየኋት አወቅኩ። የቀረው ዓይኑም መርፌዋን ማየት ስላቃተው ሰው ይያት ብሎ መስጠቱ ነበር። ደብተሬን ከፈትኩና ጥያቄዬን አዥጎደጎድኩበት፤ ሾፌሩ ይተረጉማል።

«ምን ይሠራባት ነበር?»

«ጨረቃ በሌለበት፣ መብራት ሳላበራ፣ ማዶ የመን አድርሳ ትመልሰኛለች ይላል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተሻገረ?»

«ባለፈው ብርድ ሲገባ።»

«ብቻውን?»

ሾፌሩ ከመተርጎሙ በፊት ወደ መምህርቷ አየ። ሽማግሌው ግን ጥያቄው ምንም አልከበደውም፤ እጁን ወደ ባሕሩ ዘርግቶ መለሰ። «እንግዳ ቤቱ መጥቶ ውሰደኝ ካለው ይወስደዋል። እንግዳ ከደጅ አይመለስም ይላል።»

በዚያ ዘመን በጀልባ ወደ ማዶ ውሰዱኝ የሚለው እንግዳ ማን እንደሆነ አሰብ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከዘመቻ የሸሸ ነው፣ ከእስር ያመለጠ ነው፣ ልጁ የተገደለበት ነው። እኔም አውቃለሁ። ግን በዚያች ሰዓት የታየኝ ሙሉ መልስ ማግኘቴ ብቻ ነበር። ጻፍኩት። ከዚያ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ጠየቅኩ። ናኹዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አጠቆረና በተሰባበረ አማርኛው ራሱ መለሰልኝ። «ስም ለምን?»

«ያለ ስም አይሆንም፣ አባቴ። ስም የሌለው ዕቃ አይቀመጥም።»

«አንተ ካልክ» አለና ነገረኝ።

ስንመለስ መምህርቷ መኪናው ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ያን የመጨረሻውን ሰርዘው» አለችኝ።

«በኛ ሙያ የተጻፈ አይሰረዝም። መሰረዝ ማጭበርበር ነው።»

«ጓድ ኬሚስት» አለች፣ ጓድ የሚለውን ቃል እያላገጠች፣ «ይሄ እኮ ቤንዚን አይደለም።»

ተቀየምኳት። እስከ አሰብ ድረስ አላናገርኳትም።

ሙዚየሙ በበዓሉ ዋዜማ በሰልፍ ሙዚቃ ተከፈተ። ሹማምንቱ በዕቃዎቹ መሐል ሰልፍ እንደሚያልፍ ሰው አልፈው ወጡ። ተማሪዎቹ የመጋዝ ዓሣው አፍንጫ ላይ ሲሳሳቁ ዋሉ። ወረቀቶቼን ያነበበ አንድ ሰው አላየሁም። በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ሰው ብቻውን መጣ፤ ግራጫ ሳፋሪ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ጀምሮ እያንዳንዱን ወረቀት ጎንበስ ብሎ አነበበ። አንዱንም አልዘለለም። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ደስታዬ ልክ አጣ። ሁለት ወር በአቧራና በላብ የለፋሁት ለዚህ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ውኃ ቀድቼ ሰጠሁት።

ኮምፓሷ ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። «ግሩም ነገር ነው» አለ። «ሰውዬው በሕይወት አለ?»

«አለ እንጂ! ዛሬም ቢሆን ያን ባሕር ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሻገረው።»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም። ላስደንቀው ብዬ ከአፌ ወጣ።

«ዝርዝሩ የት ይገኛል?» አለኝ። ደብተሬን አሳየሁት። ገልጦ አየና አንገቱን ነቀነቀ፤ አንድ ሰው ሥራዬን እንደዚያ ሲያከብርልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። «ለአንድ ቀን ታውሰኛለህ? አስገልብጬ እመልስልሃለሁ።» ሰጠሁት። ዝም ብዬ ብቻ አልሰጠሁትም፤ ላብ እንዳይነካው በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

መምህርቷ ቀትር ላይ መጣች። ጠረጴዛው ባዶ መሆኑን አይታ «ደብተሩስ?» አለች። ነገርኳት። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ሰውዬው የደኅንነት ሰው መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ሰው እንዲህ የሚዘገይ አእምሮ ይዞ እንዴት ላቦራቶሪ እንደሚቀጠር እንጃ። ውኃ የሰጠሁበትን ብርጭቆ ሳየው አስጠላኝ።

«የሌሎቹ ምንም አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እንቁላል ነው፣ ቆዳ ነው። የሽማግሌው ግን የእምነት ቃል ነው የጻፍከው። እሱ ሳያውቀው ተቀብለህ፣ አሳምረህ ጽፈህ።»

በማግስቱ ከሥራ ጠርተው አንድ ቢሮ ወሰዱኝ። ሰውዬው ያው ግራጫ ሳፋሪውን ለብሷል፤ ደብተሬ ፊቱ ተዘርግቷል። አልጮኸብኝም። ገጹን በጣቱ እየጠቆመ «እንግዳ የሚላቸው እነማን ናቸው?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። ሌላ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም አላውቅም አልኩ፣ እውነቴንም ነበር። «እንግዲህ ሽማግሌውን እናገኘዋለን» አለ። «ካላገኘነው ግን በደብተሩ ላይ ያለው የአንተ ጽሕፈት ነው፤ የምትጠየቀውም አንተ ነህ።» ይህን ሲል ድምፁ ወረቀቶቼን ሲያደንቅ ከነበረው ድምፅ አልተለየም። እንዲህ ያለ ሰው ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራል።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ሾፌሩ ቤት ሄድኩ። መኪና አስነስተን ራሔይታ እንሂድ አልኩት። «የይለፍ ወረቀት ማን ይሰጠናል?» አለኝ። «መኪናም አያስፈልግም። ዛሬ ወደዚያ የሚወርድ አንድ አፋር አጥቼ አላጣም፤ ወሬው ከመኪና ቀድሞ ይደርሳል። አንተ ብቻ ንገረኝ።»

«ከቤቱ ይራቅ በለው። ማዶ ይሻገርና ጥቂት ወር እዚያው ይቆይ።»

«እሱን እነግራለሁ። ግን ከማን እንደሰማሁ፣ አንተም በምን እንዳወቅክ፣ አሁንም በምን ሁኔታ እንዳለህ መናገር አለብኝ። ሙሉ ያልሆነ ወሬ ከተላከለት አያምነውም።»

ነገርኩት። ደብተሩን መስጠቴን ነገርኩት። ቢሮ መጠራቴን ነገርኩት። እሱ ካልተገኘ የምጠየቀው እኔ መሆኔንም ነገርኩት። ይህቺን የመጨረሻዋን ባስቀራት ማንም አያውቅብኝም ነበር። ለምን እንዳልተውኳት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በአፋሩ ሕግ ሙሉ መሆን አለበት ብዬ ነው እላለሁ። ልቤን ስመረምረው ግን ፈርቼ ነበር፤ የሆነ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ እንዲያዝንልኝ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አላልቅ አሉኝ። የማጣሪያው ነበልባል ነፋሱ በዞረ ቁጥር ወደ ቤቴ የሚመጣ ይመስለኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፤ ሐረሬው አለቃዬ ሊቀልድብኝ አፉን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ ተወው። ጠዋት ጠዋት ሙዚየሙን እንድከፍት ታዝዤ ነበር። ስከፍት ያ ሰውዬ ቀድሞኝ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ይገባና ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ምንም አይጠይቀኝም። አንድ ጊዜ ብቻ የስፌት መኪናዋን ጎማ አዙሮ «ይሠራል እኮ!» አለኝ፤ «አዎ» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ጠቀሰኝ። ወጥቼ ተከተልኩት። ራሔይታ የወረደችው መኪና ባዶዋን ተመለሰች። ቤቱ ተፈትሿል፤ ሽማግሌው የለም። ወሬውም በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደርሶታል። ሾፌሩን እቅፍ አድርጌ ሳምኩት። ተሻግሯል አልኩ። ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመስኩ። የሚመጣብኝን እችለዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ በፊት የማላውቀው ጀግንነት ተሰማኝ። ለአንድ ምሽት ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ሙዚየሙ ውስጥ ከሰውዬው ጋር ነበርን። በሩ ጥላ ጣለ። ቀና ስል ናኹዳው ቆሟል። ንጹሕ ሽርጥ አገልድሟል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ድረስ በደረቀ ጨው ነጭ ሆኗል። መኪናዋ ወደ ራሔይታ ስትወርድ እሱ በባሕሩ ዳር በእግሩ ወደ አሰብ እየመጣ ነበር። ከውጭው ብርሃን በኋላ የቤቱ ውስጥ ለደከመው ዓይኑ ጨልሞበት በመዳሰስ ገባ። ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አላየውም፤ ወይም አይቶ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ወሬ ደረሰኝ» አለ በዚያ ከወታደርና ከሾፌር በለቀመው አማርኛ። «እሱ ይጠየቃል አሉኝ። በኔ ነገር። ይሄ ጥሩ አይደለም። መጣሁ።»

አፋር ሰላም ሲል የሰውን እጅ ይይዝና ይስማል፤ ሌላውም የእሱን ይስማል። እጁን ዘረጋልኝ። ጋዜጣው ታጠፈ።

«ማነው እሱ?» አለ ሰውዬው ከኋላዬ።

እጄን ወደ ኪሴ ከተትኩ። «ዕቃ ይዘው ከሚመጡት አንዱ ነው» አልኩ። «ስሙን አላውቀውም።»

ሽማግሌው የተዘረጋውን እጁን ለትንሽ ጊዜ እንዲሁ ያዘው። የተናገርኩት ገብቶታል፤ አማርኛው ለዚያ ይበቃ ነበር። አልተቆጣም። ድምፁ ወደ መጣበት ዞረና እኔ ስጠይቀው እንደነገረኝ፣ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱንም ሳያጎድል ተናገረ። ኮምፓሷ የሱ እንደሆነች፣ ባሕሩን የሚሻገረውም እሱ እንደሆነ፣ ይህ ልጅ የነገሩትን ከመጻፍ በቀር ምንም እንደማያውቅ ተናገረ።

ሰውዬው ተነሥቶ ክንዱን ያዘው፤ በጥንቃቄ ነው የያዘው፣ እንደ አባቱ። በር ላይ ሲደርሱ ናኹዳው ቆመ።

«አሁን እሱን ትተዉታላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ እሱን ትተነዋል» አለው ሰውዬው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሽማግሌው፣ ከልቡ፣ ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው። ከዚያ ወደ ፀሐዩ ወጡ፤ ከዚያች ቀን ወዲህም አይቶት የነገረኝ ሰው የለም። እኔ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።